ማንኪያዬን ማን ወሰደብኝ

ደብዳቤው ሲደርሳት ቲቸር የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ተቀምጣ የተማሪ ቦርሳ እየፈተሸች ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የማዶን ቋንቋ አስተምራለች። ጦርነቱ የተጀመረ ሰሞን ግን አንድ ሰኞ ጠዋት ትምህርቱ ተሰርዟል ተባለ። መጻሕፍቱ በገመድ ታስረው ዕቃ ግምጃ ቤት ገቡ፤ እሷም ከሰሌዳው ወደ በሩ ወረደች። የምታስተምረው ባይኖርም ስሙ አልለቀቃትም፤ መምህራኑም፣ ተማሪዎቹም፣ ጥበቃው ሳይቀር «ቲቸር» ነው የሚሏት።

ማዶ የሚባለው ከወንዙ ወዲያ ያለው አገር ነው። ድሮ ሰዉ ለገበያ የሚሻገርበት፣ የሚጋባበት፣ ተጣልቶም የሚታረቅበት ነበር። የቲቸር እናት የማዶ ልጅ ነበሩ። ባል አግብተው ወዲህ ተሻገሩ፣ ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ፤ እስኪሞቱ ድረስም መቆጣት ሲያምራቸው በማዶ ቋንቋ ነበር የሚቆጡት፤ በሌላው ቁጣው አይወጣልኝም ይሉ ነበር። አሁን ድልድዩ ፈርሷል። ሁለቱ ጦሮች በወንዙ ዳርና ዳር ምሽግ ቆፍረው ከተፋጠጡ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው።

ደብዳቤው ከመንግሥት የፊልም ድርጅት ነበር። «ለአገራዊ ግዳጅ ሙያዎ ስለተፈለገ» ይላል። ቲቸር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሙያዋ ወንጀል ከሆነ ወዲህ ማንም ፈልጎት አያውቅም።

«ሂጂ» አለቻት ታላቅ እህቷ እትዬ፣ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ። እትዬ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሁለቱ አብረው ነው የሚኖሩት፤ አንድ ልጅ አላት፣ እሱም ምሽግ ውስጥ ነው። «ሂጂ፣ ያሉሽን ሥሪ፣ አፍሽን ሰብስበሽ ነይ። ዝም አይነቅዝም።»

ድርጅቱ ድሮ የጥጥ መጋዘን ነበር። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ሁሉ በእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ተለጥፏል፤ ኬብሎቹ ወለሉ ላይ እንደ አንጀት ተዘርግተዋል። ዳይሬክተሩ ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ከጩኸት ብዛት ድምፁ የተዘጋ፣ ችኩል ግን ደስ የሚል ሰው ነበር። ወንበር አቀረበላትና ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ቲቸር፣ ያለፈው ፊልማችን ላይ ጠላቱን በኛ ቋንቋ አስወራነው፤ ሰዉ ሳቀብን። ገዳዩ የጎረቤት አጎት መሰለ። አሁን በራሳቸው ቋንቋ ይጩኹ፤ ትርጉሙን እኛ ከስር እንጽፋለን።»

«ስክሪፕቱን ይስጡኛ፤ እተረጉመዋለሁ።»

«ትርጉሙ ግድ የለም! እዚህ ማን ሰምቶት? እኔ የምፈልገው ድምፅ ነው። ከጉሮሮ የሚወጣ፣ የሚያስፈራ። ውሻ አጥንቱን ሊቀሙት ሲጠጉት እንደሚለው ዓይነት።»

እናቷ አንገቷን ደግፈው ሲያጥቧት የሚያንጎራጉሩላት በዚያ ቋንቋ ነበር። ልትነሳ እጇን ወንበሩ ላይ አሳረፈች። ከዚያ የእትዬን ልጅ አሰበች፣ የሥራ መልቀቂያ ሳይሆን የክስ ወረቀት የሚጽፉባትን ሰዎች አሰበች፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

የምታስተምረው ተዋናይ ጭራቁ ይባላል። አሥራ አንድ ፊልም ላይ ክፉ ሰው ሆኖ ሠርቷል። ትከሻው በር ይሞላል፤ ጉንጩ ላይ በልጅነቱ ከብስክሌት ወድቆ ያተረፈው ጠባሳ አለ። ሴቶች መንገድ ላይ ሲያዩት ልጃቸውን ወደ ጉያቸው ይስባሉ፤ አንድ ጊዜ አንዲት ቲማቲም ሻጭ «ለአንተ አልሸጥም፣ የሰው ደም አለብህ» ብላ መልሳዋለች። ሰውየው ግን መርፌ ሲያይ የሚዝለፈለፍ፣ ጠዋት ጠዋት ብርቱካን ልጦ ለመብራት ሠራተኞቹ የሚያድል የዋህ ነው።

«ቲቸር፣ ቀስ ይበሉልኝ» አላት የመጀመሪያው ቀን። «ትምህርት አይገባኝም። ከገባኝ ግን አይወጣም።»

እውነቱን ነበር። አንድን ቃል ሃምሳ ጊዜ ያስደግማታል። ምላሱን የት እንደሚያሳርፍ፣ ትንፋሹን የት እንደሚቆርጥ ይጠይቃታል፤ በመስታወት አፏንና አፉን ያስተያያል። በሳምንቱ መጨረሻ የተናገራትን ነጠላ ዓረፍተ ነገር ዓይኗን ጨፍና ስትሰማው የእናቷ ወንድም ከመቃብር የተነሳ መሰላት።

ዋናው ትዕይንት አርባ አንደኛው ነው። ጭራቁ የጠላት አዛዥ ሆኖ በሚቃጠል መንደር ፊት ይቆማል፤ ወታደሮቹን ሰብስቦ ይጮኻል። ስክሪፕቱ ላይ የተጻፈው እንዲህ ነበር፦ «እሳት ልቀቁበት! ሽማግሌ ሕፃን አትለዩ! የእነሱ ዋይታ ለኛ ዘፈን ነው!» ቲቸር ቃል በቃል ተርጉማ አስጠናችው። ጭራቁ ሦስት ቀን ከደጋገመው በኋላ ወረቀቱን አስቀምጦ አያት።

«እንዲህ ይላሉ እንዴ በእውነት?»

«ማን?»

«ማዶኞቹ። ሰው ሲቆጣ እንዲህ አይናገርም። እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ሰው ገድያለሁ፣ በፊልም፤ አሥራ አንድ ጊዜም እንዲህ ነው ያስባሉኝ። አንድ ቀን እንኳ አፌ ላይ አልተቀመጠልኝም።»

ቲቸር ወረቀቱን አንስታ እንደገና አነበበችው።

በዚያው ሰሞን የእትዬ ልጅ የአሥር ቀን ፈቃድ አግኝቶ መጣ። ሲሄድ ጉንጩ ሙሉ የነበረው ልጅ ፊቱ ከስቶ፣ በሩ ሲንጓጓ እየደነገጠ ተመለሰ። ሁለት ቀን ሙሉ ተኛ። በሦስተኛው ቀን እናቱ ልብስ ልታደርስ ስትወጣ ወጥ ቤት ገብቶ አክስቱ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠ። ቲቸር ሻይ ቀዳችለትና ስክሪፕቱን ሰጠችው።

አነበበው፤ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ ደረቀ።

«አክስቴ፣ ይሄን የጻፈው ላም ባልዋለበት ኩበት የሚለቅም ሰው ነው። በኛና በነሱ መሃል ያለው ውሃው ብቻ እኮ ነው። ሲያስሉ እንሰማለን። እኔ ደግሞ አያቴ ነፍሷን ይማር፣ ሁሉንም እሰማለሁ። ጓደኞቼም በሁለት ዓመት እያስተረጎሙኝ ለመዱት።»

«ምን ይላሉ?»

«ካልሲዬ አልደረቀም ይላሉ። እግሬ በሰበሰ ይላሉ። አንድ ሰውዬ አለ፣ በየማታው እራት ሲታደል ማንኪያው ይጠፋበታል። ‹ማንኪያዬን ማን ወሰደብኝ? ትናንት ማንኪያዬን፣ ዛሬ ማንኪያዬን! ያገኘሁት ለት በገዛ እጄ ነው የማንቀው!› እያለ ምሽጉን ያተራምሰዋል። ስሙን ስለማናውቅ ‹ማንኪያ› እንለዋለን። እኛ ሰፈር ሰዓት የሚታወቀው በሱ ነው፤ ማንኪያ ከጮኸ እራት ደረሰ ማለት ነው።» ልጁ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘው። «ባለፈው ወር ከባድ መሣሪያ ወርውረን ነበር። ማታ ማንኪያ አልጮኸም። ማንም ምንም አላለም፤ ግን ያን ለት በኛም ምሽግ ሳይበላ የተረፈ እራት ብዙ ነው።»

ቲቸር የከበዳትን ጠየቀች። «መንደር አያቃጥሉም ማለት ነው?»

«ያቃጥላሉ እንጂ! በዓይኔ አይቻለሁ። እኛም አቃጥለናል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን አክስቴ፣ ሲቃጠል እንዲህ የሚል ሰው የለም። ማንም አይጮኽም። አንዱ ክብሪት ይጠይቃል፣ አንዱ ነፋሱ በየት በኩል ነው ይላል። ያ ነው የሚያስፈራው። ፊልሙ ላይ የሚያጓራ ጭራቅ ያሳዩና ሰዉ ‹እኛ እንዲህ አንልም፣ እኛ ሰው ነን› ብሎ ይተኛል።»

ልጁ ወደ ምሽጉ በተመለሰ ማግስት ቲቸር የአርባ አንደኛውን ትዕይንት ወረቀት ቀደደችና አዲስ ጻፈች። ለጭራቁ ግን ልትደብቀው አልፈለገችም። ሰው አፍ ውስጥ የማያውቀውን ቃል መክተት የድርጅቱ ሥራ ነው፤ የሷ እንዲሆን አልፈለገችም። ልብስ መለወጫው ክፍል ወስዳ በሩን ዘጋችና ከማን እንደሰማችው ሳትነግረው፣ ምን እንደጻፈች ቃል በቃል አስረዳችው።

ጭራቁ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ላቡ መጣ። ተነስቶ በሩን አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ቢያውቁብንስ?»

«ካወቁ እኔ ነኝ ያስተማርኩህ። አንተ ቋንቋውን አታውቅም።»

«እሱማ አይሆንም፤ አሁን ነገሩኝ እኮ» አለና አሰበ። ቲቸር እምቢ ሊል ነው ብላ ስትጠብቅ፣ ጭራቁ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ማንኪያው ስንት ጊዜ ነው የጠፋበት?»

«በየማታው።»

«ሌላ ማንኪያ የለውም?»

«የለውም።»

«በእጁ ነው የሚበላው ማለት ነው። ሁለት ዓመት። ጭቃ በነካ እጅ።» የአንገቱ ደም ሥር ቀስ በቀስ ተነሳ። «ገባኝ» አለ።

የቀረጻው ዕለት ከጣውላ የተሠራው መንደር ነደደ፤ አጃቢ ተዋናዮቹ ተሰለፉ፤ ዳይሬክተሩ በተዘጋው ድምፁ «አክሽን!» አለ። ጭራቁ ከጭሱ ወጣና ስለ ማንኪያው ጮኸ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተዋረደ ሰው እንደሚጮኸው ጮኸ። ድምፅ ቀራጩ ማዳመጫውን ከጆሮው አራቀ፤ ከአጃቢዎቹ አንዷ እውነተኛ እንባ አነባች። በመጨረሻ «ከት!» ተባለ።

«ደም ያፈላል!» ብሎ ዳይሬክተሩ ጭራቁን አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት። ወደ ቲቸር ዞሮም «ይኸውልዎ! ይሄ ነው ጥላቻ ማለት!» አላት።

«እንዳሉኝ ከጉሮሮ ነው ያወጣሁት» አለች ቲቸር።

ፊልሙ በትልቁ አዳራሽ ተመረቀ። ሹማምንቱ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተደርድረው፣ አርባ አንደኛው ትዕይንት ላይ አንዱ መሀረቡን ሲያወጣ ሌሎቹም አወጡ። ከጭራቁ አፍ «ማንኪያዬን» ሲወጣ ከስር «የእነሱ ዋይታ ለኛ ዘፈን ነው» የሚል ነጭ ጽሑፍ ይነበባል። ሲያልቅ ሁሉም ቆሞ አጨበጨበ፤ ዳይሬክተሩ ተሸለመ። ጭራቁ በኋላ በር ሲወጣ አንዲት ሴትዮ ተፉበት፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ «እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው፤ ከዚህ የሚበልጥ ሽልማት የለኝም ይል ነበር ሁሌም።

ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። ግን ሞራል ይቀሰቅሳል ተብሎ ፊልሙ በመኪና ተጭኖ ወደ ግንባር ሄደ። የሆነውን ቲቸርና እትዬ ያወቁት አንድ በክራንች የሚሄድ ወታደር ከልጁ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ ነው። እትዬ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው።

ልጁ እንዲህ ይላል። ሲመሽ ከምሽጉ ጀርባ አንሶላ ተወጥሮ ፊልሙ ተከፈተ፤ ማዶኞቹም ሰምተው እንዲሸበሩ ተብሎ የድምፅ ማጉያው ወደ ወንዙ ዞረ። ጭራቁ ከጭሱ ወጥቶ የመጀመሪያዋን ቃል ሲጥል ምሽጉ ተደናገጠ፤ አንዱ ሌላውን አየ። ከዚያ ሻለቃ ጦሩ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። እየተንከባለሉ ሳቁ፣ መሬቱን በጡጫ መቱ። የሞራል ሹሙ «ሕፃናት እየተቃጠሉ ምን ያስቃል!» እያለ ይሯሯጣል። ሳቁ በረድ ሲል ግን ከወንዙ ማዶ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ አንድ ሰው በራሱ ቋንቋ ተጣራ፦

«አሁንም አላገኘኸውም እንዴ?»

«ከዚያ በኋላ አክስቴ» ይላል ደብዳቤው፣ «የሳቀ የለም። ከኛ ብዙዎቹ አለቀሱ። እነሱም ዝም አሉ። ያን ለት ከሁለቱም ወገን አንድ ጥይት አልተተኮሰም።»

እትዬ ወረቀቱን አጠፈች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«በኔ ልጅ ላይ የሚተኩሰውን ሰውዬ ሰው አድርገሽ አቀረብሽው? ሌላ ሥራ አጣሽ?» እትዬ ከዚህ በላይ ስትቆጣ ቲቸር አይታት አታውቅም። «ልጄን ታስገድይብኛለሽ! ለምን ተይ አይሰማሽም? ምን አደረግኩሽ እኔ?»

«እትዬ፣ ሌሊቱን ማንም አልተኮሰም ይላል እኮ። ያነበብሽው አንቺ ነሽ።»

እትዬ የታጠፈውን ወረቀት አስቀመጠች። መኪናዋ ላይ ተቀመጠችና ክር የሌለበትን መርፌ ታስሮጠው ጀመር። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ ቲቸርም መጥሪያውን መጠበቅ ያዘች።

ብዙ አልቆየም። ፊልሞቹን የሚያሠራው የፕሮፓጋንዳ መምሪያ ኃላፊ ቢሮ ምንጣፍ የለበሰ፣ ጠረጴዛው መስታወት የተነጠፈበት ነው። ኃላፊው ጥፍሩ የተከረከመ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነበር፤ ከሷ በሃያ ዓመት ቢያንስም ገና ከበሩ «አንቺ» አላት።

«አንቺ ነሽ ጠላቱን ያስተማርሽው?»

«ተዋናዩን ነው ያስተማርኩት።»

«ትዕይንት አርባ አንድ ላይ ምንድነው የሚለው?»

ትክዳለች ብሎ ነበር የጠበቀው፤ ለክህደቷ የሚሆን ወረቀት ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር። ቲቸር ግን ቀና ብላ፣ ክፍል ውስጥ ቃል እንደምታስጽፍ ሁሉ፣ አንድ በአንድ ነገረችው። «ማንኪያዬን ማን ወሰደብኝ? ትናንት ማንኪያዬን፣ ዛሬ ማንኪያዬን። ያገኘሁት ለት በገዛ እጄ ነው የማንቀው።»

ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጠ። «ከስር የተጻፈውስ?»

«እሱን የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። ስለሱ መጠየቅ የሚገባኝ እኔ ነኝ።»

«ማነው ያዘዘሽ? ከማዶ ማን ጋ ትገናኛለሽ?»

«ማንም አላዘዘኝም። ዳይሬክተሩ ትርጉሙ ግድ የለም አሉኝ፤ እኔ ደግሞ ግድ አለኝ።»

«ፊልም የምንሠራው ወታደሩ ጠላቱን እንዲጠላ ነው!» ጠረጴዛውን መታ። «ሻለቃ ሙሉ ጦር ሳቀ! ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል። ለምን ሳቀ? ያልኩት እውነት ስለሆነ አይደል? ውሸት ጽፌ ቢሆን ማን ይስቅ ነበር?» ድምፏ እየጠራ መጣ። «ጌታዬ፣ ወታደሩ ጠላቱን ከርስዎም ከኔም በላይ ያውቀዋል። ይተኩስበታል፣ ይተኮስበታል፣ ሲያስል ይሰማዋል። እሱን ማታለል አትችሉም። ፊልሙ የሚሠራው ለኛ ነው፤ ቤታችን ተቀምጠን ልጆቻችንን እየላክን ‹ጭራቅ ሊገድሉ ሄዱ› እንድንል።»

«በሁለት ቀን ውስጥ ስክሪፕቱ ያለውን ቃል በቃል ታስተምሪዋለሽ። ድምፁ እንደገና ይቀረጻል።»

«አላስተምርም።»

«ምን አልሽ?»

«አላስተምርም አልኩ። በሁለቱም ቋንቋ ልበልልዎ?» አለችና በማዶ ቋንቋ ደገመችለት። በዚያ ቢሮ ያ ቋንቋ ሲነገር የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ እንኳ አንገቱን አዞረ።

«ነብር አየኝ በይ!» አለ ኃላፊው። ቲቸር ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ሊያስሯት አልቻሉም። ፊልሙን ሹማምንቱ ቆመው አጨብጭበውለታል፣ አልቅሰውለታል። ለማንኪያ አለቀሱ እንዳይባሉ ነገሩ እንዲታፈን ተወሰነ። ከቤተ መጻሕፍቱ በር ግን አባረሯት። ዳይሬክተሩ ቤቷ ድረስ መጣ፤ መነጽሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከግንባሩ አውርዶ በእጁ ይዞታል።

«አታለሉኝ፣ ቲቸር።»

«ምን እንደሚል ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

ዳይሬክተሩ «አልጠየቅኩም» አለ። ከዚያ፣ ማፈሩን ሳይደብቅ፣ «ግን ከሠራሁት ሁሉ የሚሻለው እሱ ትዕይንት ነው። ለምን እንደሆነ አሁን ገና ገባኝ» ብሎ ሄደ። ለመምሪያው ግን ያዘዙትን ሁሉ አደረገላቸው፤ ሰውየው የሚወደውን የሚያውቅ፣ የሚፈራውን ግን አብልጦ የሚያውቅ ነበር።

ጭራቁንም ጠሩት። አዲሱን ቃል ይዞ እንዲቀረጽ በደግም በክፉም ነገሩት። «ትምህርት አይገባኝም፣ ከገባኝ አይወጣም» አላቸው። ሦስት ጊዜ ማይክ ፊት አቆሙት፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ማንኪያው ጮኸ። በመጨረሻ አንድ የሬዲዮ ዜና አንባቢ አምጥተው ትርጉም የሌለው ነገር አስጓሩትና በጭራቁ አፍ ላይ ለጠፉት። አፉ ሌላ ድምፁ ሌላ ሆነና አዳራሹ ውስጥ ሰዉ ሳቀ። ግንባር ላይ ደግሞ ወታደሩ ዝም አልል አለ፤ ዜና አንባቢው ማጓራት ሲጀምር ምሽጉ በሙሉ በአንድ ድምፅ፣ በማዶ ቋንቋ፣ እውነተኛውን ቃል ይጮኽበታል። ከሦስት ጊዜ በኋላ የፊልም መኪናው ወደ ግንባር መሄዱን አቆመ።

ጭራቁ ዳግመኛ ፊልም አላገኘም። ወንድሙ ጎሚስታ ቤት ገብቶ ጎማ ይለጥፋል። ደንበኛ ሲያውቀውና «እስቲ ያቺን ቃል በላት» ሲለው፣ ካላመደሪውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ያስቀምጥና ይላታል፤ ከዚያ ትርጉሙን ይነግረዋል። አንድም ሰው ከዚያ ወዲህ አልተፋበትም፤ እሱም ትንሽ ቅር እንዳለው ለቲቸር አጫወታት።

ወሬው ከጎሚስታው ቤት ወጥቶ ከተማውን አዳረሰ። አንድ ከሰዓት በኋላ የቲቸር በር ተንኳኳ። የማታውቃት ሴት ናት፣ ሻርፗን በሁለት እጇ ጨምድዳ።

«የማዶን ቋንቋ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት?»

እትዬ ከመኪናዋ ቀና አለች። ቲቸር «ነኝ» አለች።

«ልጄን ማርከውታል። አስም አለበት። ከእስረኛ ጋር ደብዳቤ ይሄዳል አሉኝ፤ የሚያነቡት ግን ጠባቂዎቹ ናቸው። እኔ የምፈልገው ጠባቂው የሚገባውን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በራሴ እጅ ልጽፈው፣ በራሴም አፍ ልለው እፈልጋለሁ፤ ምናልባት አንድ ቀን ብሻገር።»

ቲቸር ወንበር ሳበችላት። ቋንቋውን ማስተማር ክልክል መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አላነሱትም። ሴትዮዋ በሳምንቱ እህቷን ይዛ መጣች፣ እህቷ ጎረቤቷን። ወር ሳይሞላ ዘጠኝ ሆኑ፤ የዘጠኙም ልጆች ከወንዙ ማዶ ናቸው፣ ያልሞቱ ከሆነ። እትዬ መጀመሪያ ሳምንት ፊቷን አዙራ ሰፋች። በሁለተኛው ሳምንት አንዷ ሴት አንድ ቃል ስትሳሳት፣ እትዬ መኪናዋን አቁማ፣ ሁለት ዓመት በአፏ ያልዞረውን ቋንቋ እንደ እናቷ በቁጣ አወጣችውና አረመቻት። ከዚያ ወዲያ ረዳት መምህር ሆነች፤ ከቲቸርም የከፋች ቁጡ።

የሰፈሩ ተቆጣጣሪ የመጣው አንድ ሐሙስ ቀትር ላይ ነው። ክላሰሩን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሳያንኳኳ ገባ። ዘጠኝ ሴቶች አንዲት ዓረፍተ ነገር በአንድ ድምፅ እያሉ ነበር፤ ድምፁ መንገድ ድረስ ይሰማል። ሲያዩት አንዷ አፏን ያዘች፤ ሌሎቹ ግን ቲቸርን አዩ፣ ቲቸር አላቆመችም፤ እነሱም ጨረሱት።

«ምንድነው እዚህ የሚደረገው?»

«ትምህርት ነው» አለች ቲቸር።

«በጠላት ቋንቋ!»

«በጠላት ቋንቋ።»

«ሪፖርት አደርጋለሁ። አሁኑኑ ነው የምጽፈው።» ክላሰሩን ከፈተ።

«ጻፍ፣ ልጄ። ቁጭ በልና ጻፍ» አለችው፤ እትዬም ከመኪናው ኋላ ተነስታ ወንበሯን ገፋችለት። «ግን የሰማኸውን በትክክል ጻፈው። እንዳትሳሳት ላስጽፍህ፦ ‹ልጄ አስም አለበት። ሌሊት ሲያፍነው እባካችሁ ቀና አድርጉት።› ጻፍክ? ሌሊት ሲያፍነው። አዎ። አሁን በነሱ ቋንቋ እንዴት እንደሚባል ልንገርህ።»